ይጠብቃል

ትሪየስተ ላይ ነፋሱ ስም አለው፤ ቦራ ይሉታል፣
በክረምት ሲነሣበት ጎልማሳ አንሥቶ ይጥላል።
በየመንገዱ ጥግ ገመድ ይወጠራል፣ ሰው ይዞት እንዲሻገር፤
ያን ማታ በገመድ ተጎትቼ ከቴያትር ቤቱ በር
ስደርስ ሰዓቱ ሄዷል፣ መጋረጃው ሊገለጥ ነበር።

ስሜ ስንዱ ነው።
ያን ማታ ግን ከስሜ በቀር ስንዱ የሆነ አልነበረም።
ሉዶቪካ ወንበሯ ላይ ናት፣ ዓይኗን እንኳ አልገለጠችም፤
"ቶሎ በይ" አለች። ቶሎ አልኩ።
ክሬሙን ደፋሁ፣ ሳይመጠጥ ፕራይመር ጫንኩ፣
ፕራይመሩ ሳይረጋ ፋውንዴሽን፣ እሱ ሳይዝ ዱቄት፣
አራት እንግዳ ባንድ አፍታ፣ ባንዲት ጠባብ ቤት።

ከዚያ ጉንጯ ተነሣ።
ቆዳው አይደለም፣ ቅቡ፤ ከጣቴ ሥር እየተንከባለለ፣
እንደ ላጲስ ፍቅፋቂ፣ እንደ አሮጌ ሹራብ እየተድቦለቦለ።
ባሸሁት ቁጥር ይብሳል፣
በደረብኩበት ቁጥር ይፈረፈራል።
ሃያ ደቂቃ ቀርቷል።

"ሲኞራ ኒቬስ!"

መጣች። ሰባ አልፏታል፣ መነጽሯ ደረቷ ላይ ይወዛወዛል፤
አልጮኸችም፤ የሷ ቁጣ እርጥብ ጨርቅ ነው፣ ዝም ብሎ ይጠርጋል።
የለፋሁበትን ሁሉ ከግንባር እስከ አገጭ አጠበች፣
ከኪሷ የእንቁላል መቀቀያ ሰዓት አውጥታ ጠመዘዘች፣
ቢጫ፣ ጫጩት የምትመስል፣ ቂጭ ቂጭ የምትል።

"የምስር ክክ የምታህል ክሬም። ሌላው ስስት ነው፤
ቆዳ ሲጠግብ ይተፋል፣ የተፋውን ማን ሊያነሣው?
ውሃ ከውሃ ጋር ይስማማል፣ ዘይትም ከዘይት፤
የማይዋደዱትን ካጋባሽ፣ ይፋታሉ ፊት ለፊት።
አታሺ። መታ፣ መታ። ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው።
ከዚያ እጅሽን ሰብስቢና ተቀመጪ። አስፔታ።"

ጠብቂ ማለቷ ነው። በሆዴ ወደ አማርኛ ስመልሰው
አንድ ቃል ሁለት ሆነብኝ፤ ፊደሉ ያው፣ ምላስ ነው የሚለየው፦
"ይጠብቃል" ጠብቆ ሲነበብ፣ ሰው ደጅ ቆሞ መቆየቱ፤
ላልቶ ሲነበብ ደግሞ፣ የላላ ነገር መጽናቱ።
የሰዋስው መምህራችን ቀልድ ነው ብዬ የረሳሁት፣
የሰው ጉንጭ ላይ አገኘሁት።
ካልጠበቁት አይጠብቅም።

አራት ደቂቃ። እጄን የት እንደማኖር ጠፋኝ።
ሉዶቪካ ዓይኗን እንደጨፈነች፣
"እናቴ ኡዲኔ ሆስፒታል ናት" አለች፣
"ከማክሰኞ ጀምሮ። ለማንም አልነገርኩም።"
እንባዋ ወረደ።
ሌላ ጊዜ ቢሆን ቀለሜ ተበላሸ ብዬ እሸበር ነበር፤
ፊቷ ላይ ግን ገና ክሬም ብቻ፣ የሚበላሽ ነገር አልነበር።
በጣቴ ጫፍ መታ መታ አደረግሁት፤
ከክሬሙ ጋር አብሮ ገባ።

ጫጩቷ ጮኸች።
ቀጣዩን ቀባን። ደግሞ ዝም አልን።

ከመጋረጃው ጎን ቆሜ፣ እንደ ቀትር በሚያነድ መብራት ሥር
ሳያት አመሸሁ፤ ሳቀች፣ ተንከተከተች፣ በጥፊ ተመታች፣
አንዲት ፍርፋሪ እንኳ ከፊቷ ሳትቀር
ሁሉም በቦታው። ኒቬስ አጠገቤ ከረሜላ ትልሳለች፣
መድረኩን አታይም፤ መሐረብ ታጥፋለች።

ስወጣ ስልኬ በራ። ደብሪቱ ናት፣ እህቴ፣
ከሦስት ዓመት ኩርፊያ በኋላ፦
"በቤቱ ነገር በድዬሻለሁ። ይቅር በይኝ።"
"ይቅር ብያለሁ፣ እርሺው" ብዬ ጻፍኩ፣ ቶሎ፣
ደስታም፣ ቁጣም፣ ናፍቆትም አንድ ላይ ተደራርቦ ተጭኖ።
ልልከው ስል ከሥር ያለውን ነካ አደረግሁት፤
ገና እርጥብ ነው።
አጠፋሁት።
"ደርሶኛል፣ ደብሬ። እጽፍልሻለሁ" አልኳት።

ቦራ ከተራራው ወርዶ ካፖርቴን ይገልባል፤
ገመዱን ያዝኩ።
ይጠብቃል።