የንብረት ቁጥር

ብሩሽና ጣሳ፣ ቢጫ ቀለም ይዤ፣
በአዳማ ነፋስ ውስጥ ፊቴን በሻሽ ጋርጄ፣
በተገዛው ሁሉ ላይ ቁጥር እጽፋለሁ፤
ሥራዬ ይኸው ነው፣ ንብረት ክፍል ነው ያለሁ።

መጀመሪያ የገዛነው የነስሩን ማቅለጫ፣
ከፍራንኮ ጀርባ፣ በጋሪ መቆሚያው አቅጣጫ፤
ሁለት ምድጃ፣ አንድ ሚዛን፣ አንድ ስንጥቅ ኩባያ።
ኩባያውንም መዘገብኩ፤ አዲስ ነበርኩ መጀመሪያ።
ከዚያ የወይዘሮ ጠጂቱ የፓምፕ መጠገኛ፣
ከዚያ ወንጂ መንገድ ላይ ቦይለር በያጆቹ፣
ስማቸውን ሳንለምድ፣ በአንድ ፊርማ የኛ።

የድርጅታችን ስም በየዓመቱ ረዘመ፤
«ብረታ ብረት» ነበር፣ «ኢንጂነሪንግ» ተደገመ፣
«ግሩፕ» ሲጨመርበት ሰሌዳው ጠበበው፣
ሰዓሊው የመጨረሻውን ፊደል ግንቡ ላይ ጻፈው።

ሥራ አስኪያጁ በስብሰባ፣ ማርሽ በቾክ ስሎ፣
«ጥርስ ከጥርስ ሲገጥም ነው የሚዞረው» ብሎ
አስረዳን። አጨበጨብን።
ከኋላ ጉተማ፦ «ጥርስ እኮ ያኝካል» አለ፣ ቀስ ብሎ።

ጉተማ ዋቅጅራ። አራተኛው ግዢ።
ቶርኖውን፣ ሞርሳውን፣ የቤቱን ስም ሸጦ፣
ሰኞ ጠዋት መጣ፣ በቱታ ተለውጦ።
በመስኮቴ አጎንብሶ፣ ፎርም ሞልቶ፣ ፈርሞ፣
አሥራ ሰባት ቁልፍ ጠየቀኝ፣
እጀታው ላይ በምስማር የተጫረ ስሙ አለ፣ ዛሬም ቆሞ።
«የገዛ ቁልፉ» ልል አልኩ፤ ብዕሬ ግን ፈዘዘ፤
ማን ገዛ? ማን ተገዛ? ደብተሬ ይህን አልያዘ።

ውሉ አርባ አንድ ገጽ ነው፤ የግሪስ ቆርቆሮ እንኳ አልቀረም።
ይህ ግን የለበትም፦
ጠዋት ቶርኖዋ ስታምፅ፣ መዳፉን ጭኖ ያያታል፣
እንደ ጊደር እያባበለ «ኮቱ፣ ኮቱ» ይላታል፤
ከሸገር የመጣው መሐንዲስ ኮት የጠፋው መስሎት
መስቀያው ድረስ ሄዶ ነበር፣ ሊያመጣለት።
እሷ ግን ሰምታ ተነሳች።

ትናንት ሦስት ሰዎች መጡ፤
ከረባታቸውን ነፋስ ትከሻቸው ላይ አውጥቶ።
ደብተሬን አሉኝ፤ ለካ ገዢውን የሚገዛ መጥቶ።
ሰጠኋቸው።
ጣሳዬን ብከፍት ቢጫው ጠጥሯል፤
በቤንዚን አራስኩት።

ማታ፣ ፊሽካው ከተነፋ በኋላ፣
ጉተማ ቁልፉን መለሰ፣ በጨርቅ ጠርጎ፣ በሰዓቱ።
«ቁጠሪው» አለኝ።
ቆጠርኩት።
አንድ።