ሦስት ሜትር ከአምስት

ሃያ ስድስት ዓመት ከወገቤ አልወረደም የአዳራሹ ቁልፍ፤
አፉላ ኳስ ሲያይ ሱፍ ይቆረጥማል፣ ቅርፊቱን ትቶልኝ ሊያልፍ።
አስረበብን ያየሁ መጥረጊያዬን ተደግፌ ነው፤
አሥራ ሁለት ዓመቷ፣ ጫማው የወንድሟ፣ አፍንጫው በጋዜጣ የተወተፈው።
ከጊቫት ሃሞሬ ቁልቁል በእግሯ መጥታ፣
«አምስት ደቂቃ ብቻ፣ ጋሼ» ትለኛለች፣ ልዘጋ ስል ማታ።
አንድ ቀን መብራቱን አጠፋሁት፤ በጨለማ ኳሷ ስትነጥር ሰማሁ፤
መልሼ አበራሁት። ማዘጋጃ ቤቱ ስለ ሂሳቡ ሲጠይቀኝ ዋሸሁ።

ኮሌጅ ገባች፣ የሸለቆው ኮሌጅ፤ ስሟ በጋዜጣ ወጣ፤
አባቷ ዕብራይስጡን ማንበብ ባይችል፣ ፎቶዋን ቀዶ ሊያሳየኝ መጣ።
«ሠላሳ አንድ አገባች» አልኩት። በእግር ኳስ ሂሳብ ሰምቶት ኖሮ አዘነ፦
«ምነው ብትምራቸው! ይሄ እኮ ጨዋታ ሳይሆን ግፍ ሆነ።»

የፍጻሜው ዕለት አራት ሴኮንድ ቀርቷል፣ በአንድ ነጥብ ተበልጠዋል፤
ኳሱ በእጇ ነው፤ ሁለት ረጃጅም እንደ በር ተዘግተውባታል።
ዳሪያ ጥግ ላይ ቆማለች፣ ብቻዋን፣ ማንም ያልያዛት፤
ሰጠቻት።
ብረቱ ጮኸ። ኳሱ ወጣ።
«እሷ ራሷ ለምን አልወረወረችም?» አለ ከተማው፣ በጋውን ሙሉ፣
ከሻዋርማው ሰልፍ እስከ አውቶቡሱ፣ ያላዩትም አየን እያሉ።

በዓመቱ፣ ማንም ሳይነካት፣ ዘልላ ስትወርድ ወድቃ ቀረች፤
ሐኪሙ ረጅም ስም ጠራ፣ እናቷ ግን «ጉልበቷን» አለች።
በእኛ አፍ አጥንቱም ኃይሉም የሚጠሩት በአንድ ቃል ነው፤
ሐኪሙ አንዱን ሰፋ። ሌላውን ማን ይስፋው?

ሁለት ዓመት ሱፐርማርኬት ገንዘብ ተቀበለች። ከዚያ አንድ ማክሰኞ፣ ፊሽካ ባንገቷ፣
ገባች፣ ትንሽ እያነከሰች፤ አሥራ አንድ ሴት ልጆች ከኋላዋ፣ ከፊቷ።
አክስቶቿ «ቀለበቱስ መቼ ነው?» ሲሏት ወደ ላይ ታያለች፦
«ሦስት ሜትር ከአምስት ላይ ተሰቅሏል፤ የደረሰበት ያውርድልኝ» ትላለች።

ዘንድሮ፣ ግማሽ ፍጻሜ። ሦስት ሴኮንድ። ኳሱ በኖጋ እጅ፤
ራኒን ጥግ ላይ ነጻ ናት፣ ያቺ የናዝሬት ልጅ።
ኖጋ ሰጠቻት።
ያው ብረት፣ ያው ድምፅ። ወላጆች ተነሥተው ጮኹ፤
እኔም፣ በዚህስ አልዋሽም፣ መጥረጊያዬን ወረወርኩ።
አስረበብ የምታለቅሰውን ራኒንን በአንድ ክንዷ እንዳቀፈች፣
ኖጋ ፊት ሄዳ ቆመች፤
«አየሻት» አለቻት። ሌላ ቃል አልጨመረች።

ሰው ሁሉ ወጣ። ቅርፊቱን እየጠረግሁ ሳለ፣
«አምስት ደቂቃ ብቻ፣ ጋሼ» የሚል ድምፅ መጣ፣ እንደ ጥንቱ ያለ።
የምትወረውረው ከራሷ ቦታ አይደለም፤ ከዳሪያ ጥግ ነው።
ስንት እንዳገባች እኔ አልቆጠርኩም፤ የቆጠረው ቆጣሪው ነው።

ነገ ከማዘጋጃ ቤት ይደውላሉ።