ደባል

የገና ማግስት ነው። ማላካ ላይ ዝናብ
በዚንጎው ጣሪያ ላይ እንደ ዳዊት ሲነበብ፣
ፌሊስቤርቶ ላዛሩ፣ ሽሪምፕ አጥማጅ የነበር፣
ጉልበቱ ቢከዳው እንኳ አፉ የማይደኸይ በነገር፣
የትናንቱን ድግስ ትራፊ ሰብስቦ
ድስቱን ጣደ፤ ቤተሰቡ ምድጃውን ከብቦ።

ግማሽ ዶሮ አለ፤ የቋሊማ ጭራ፤
ማንም ያላየው ጥቅል ጎመን፣ ሳህን ሙሉ ኩራት፣ ሳህን ሙሉ ኪሳራ፤
አንድ ሳፋ ድንች፣ ገና ያልተላጠ፤
በርበሬው ታሽቷል፣ ዝንጅብሉ ተቀጠቀጠ።
ሰናፍጭ በማንኪያ።
ኮምጣጤው ግን በጆሮ ነው የሚለካ፦
ጠብ ሲልበት ድስቱ ከጮኸ ገና ነው፤ ካጉረመረመ በቃ።

"ቅመሙ ከየት ነው?" አልኩት።
በጭልፋው ወደ ባሕሩ አሳየኝ።
"ከዚያ ነው የመጡት፤
ለቅርንፉድ ብለው፣ ለገውዝ ብለው፣
መስቀልና መድፍ ባንድ መርከብ ጭነው።
ግንብ ገነቡ፤ ሚስት አገቡ፤ እኛን ወለዱን፤
ሌሎች መጡ፣ ግንቡንም እኛንም ወረሱን፤
ሚዛን ሰቅለው፣ መዝገብ ዘርግተው ኖሩ፤
ሦስተኞቹ ግንቡን በባሩድ ሰባበሩ።
አንዲት በር ብቻ ተረፈች። ለምን? እንጃ።"

ጠዋት አይቻታለሁ በሯን።
ግራዋ ሣር ነው፣ ቀኟም ሣር፤
የሚጠብቃት ዘብ የላት፣ የምትጠብቀውም አገር።
በጎኗ መዞር ሲቻል ሰው ተሰልፎ በውስጧ ያልፋል፤
ወዲያ ማዶ ይወጣና ዞሮ ፎቶ ይነሳል።

መሐል ከተማ ጁስቲና፣ የወንድሙ ልጅ፣
ምግብ ቤት ከፍታለች። የሱ መረብ ግድግዳው ላይ ነው፤ ለጌጥ እንጅ
ለሽሪምፕ አይደለም።
ሽሪምፕ የለም።
ባሕሩን በአሸዋ ሞልተው ሆቴል ተከሉበት፤
ማዕበል ሲያንኳኳው ያደረ ቤት
ዛሬ መኪና ማቆሚያ ነው የሚያየው።
ሜኑዋ ላይ "የሰይጣን ወጥ" ይላል፤ ሠላሳ ሁለት ሪንጊት ነው።

"ሰይጣን ያሉት እንግሊዞቹ ናቸው" ይላል ሽማግሌው፤
"ደባል ማለት በኛ አፍ ትራፊ ነው፤
እነሱ ሌላ ሰሙ። የጆሮ ጥፋት። ግን ስም አንዴ ከወጣ ማን ይመልሰዋል?
ትራፊ ቢባልስ ማን ይገዛል? ሰይጣን ይሻላል።"

ከሊዝቦን የመጣ አንድ ወጣትም ነበር፣
መቅጃ ይዞ፣ የሽማግሌውን ቃል ሊለቅም፣ ሊቆጥር።
"አያቴ እንዲህ ትል ነበር!" አለ ባንዷ ቃል፣ እንባው መጥቶ፤
ፌሊስቤርቶ ቢላዋ አቀበለው፣ ሳፋውን በእግሩ ገፍቶ፦
"አምስት መቶ ዓመት ዘግይተሃል።
ድንቹን ላጥ።"
ላጠ። ግማሹ ከልጣጩ ጋር ሄደ።
ማንም አልተቆጣ።

በላን።
ምላስ ላይ ማን ቀድሞ እንደደረሰ አይታወቅም፤
ሰናፍጩ ከዝንጅብሉ ይገፋፋል፣ ቦታውን ግን አይለቅም፤
ኮምጣጤው ዘግይቶ ይመጣል፣ እንደ ቤት ባለቤት፣
በገዛ ጓዳው "ማነው?" እንደሚል በሌሊት።

ያኔ ነገርኩት፦ "በኔም ቋንቋ ደባል የሚባል አለ።
ትራፊ አይደለም። በሰው ቤት ጥግ ይዞ የዋለ፣
እንግዳ እንዳይባል የከረመ፣
ባለቤት እንዳይባል ቁልፍ የሌለው፣
የጎረቤቱን ሳል ከራሱ ሳል ለይቶ የሚያውቀው።"

ጭልፋውን ያዘው። አሰበ።
ከድስቱ ሥር ቧጭሮ የመጨረሻዋን ድንች፣
ያቺን በክፉ የተላጠችውን፣ ሳህኔ ላይ ጣለ።
"ታዲያ" አለ፣ "ይህን ሁሉ ዘመን
ደባሉ ማን ነበር?
ኪራዩንስ ማን ከፈለ?"

አልመለስኩም።
ሰናፍጩ አፍንጫዬ ውስጥ ነበር።