ሐዲዱ ሲሞቅ

«ንጋት» ብዬ ጻፍኩኝ ከወረቀቱ አናት ላይ፣
አምስቱ መስመር ባዶ፣ እንደ ደቻቱ አሸዋ በበጋ ፀሐይ።
ከዚያ ዋሽንት ጠራሁ፣ ቀጭን፣ ተለሳልሶ የሚገባ፣
ከዋሽንቱ ኋላ ጭጋግ፣ ከጭጋጉ ኋላ ጤዛ ያዘለ አበባ፤
ቫዮሊኖቹ በዝግታ፣ እንደ ምንጭ ከድንጋይ ሥር ሲወጡ፣
ፀሐይንም እንደ ሙሽራ፣ ሚዜዎች ደግፈው ሲያወጡ።
እንዲህ ነበር የተማርኩት፣
በባቡር ሠራተኞች ክበብ፣ ከተጫረ ሸክላ የሰማሁት፤
ስምንት ወር ጻፍኩት።

ስጨርስ በፒያኖዬ ሞከርኩት
(ሁለት ጥርስ የለውም፣ የድሬ ሙቀት ነቅሎበታል)።
አዳመጥኩት። ያምራል።
ያምራል፤ ግን የማን ነው? ይሄ ጤዛ የት አገር ይወርዳል?
ስድሳ ዓመት ከዚራ ስኖር፣ ጭጋግ አንድ ቀን በራፌ መጥታ ታውቃለች?
ፀሐይ እዚህ ሙሽራ አይደለችም፤ እንደ አበዳሪ በር በርግዳ ትገባለች።

አብዶሽ ነው ያወጣኝ። ጎረቤቴ አብዶሽ፣ የድሮው ሐዲድ ጠባቂ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት በመዶሻ የብረት ጤና ጠያቂ፤
ከድሬ ወደ ሺኒሌ፣ ሌሊት በአስር ሰዓት እየወጣ፣
ብሎን በብሎን፣ ክንድ በክንድ፣ እየመታ የመጣ።
«ደህናው ይዘምራል» ይለኛል፣ «የተሰነጠቀው ያስላል።
ዓይን በጨለማ ምን ይሠራል? ጆሮ ካለህ ሁሉም ይታያል።»
ጽሑፌን አሳየሁት፣ እንደ ጉንዳን የተሰለፈ ነጥቡን፤
ሳቀብኝ። «ነገ አስራ አንድ ሰዓት ና» አለኝ፣ «ተወውና ወረቀቱን።»

ወጣን። ከጣቢያው ጀርባ፣ ባቡር ከረሳው አሮጌ መስመር፣
ፍየሎች ተኝተው በብረቱ መሀል፣ በጠጠር።
ሰማዩ ገና የአህያ ጆሮ ይመስል ነበረ፤
አብዶሽ ተንበረከከ፣ ጆሮውን ሳይሆን መዳፉን አኖረ።
(ጆሮው ከሄደ ቆይቷል። ይሄን እኔ መች አውቄ ነበረ።)
«ተኛበት» አለኝ። ተኛሁ፤ ብረቱ ጉንጬን ለበለበው፣ በብርድ፤
አንዲት ዋኔ ሦስት ድምፅ ጣለች፣ ሦስተኛው ደረጃ ስቶ የሚወርድ፤
ትዝታ አይደል፣ ባቲ አይደል፣ በቅኝት አይጠራም፤
ከሳቢያን በኩል ቁራ መለሰላት፣ ሻካራ፣ ማንንም አይፈራም።
ከዚያ ዝም።
ዝምም አይባል፤ አገር ምድሩ ትንፋሹን ውጦ ሲቆም።
ከዚያ ፀሐይ፣
አንድ ጊዜ፣ ያለ ማስጠንቀቂያ፣ ከኮረብታው ትከሻ ላይ።
ነካችው ብረቱን፤ ብረቱም ከጉንጬ ሥር
ቀጭ።

ቀጭ። ቀጭ።
ከሩቅ፣ ከሺኒሌ አቅጣጫ፣ ሌላ፣ ሳሳ ያለ፣
ቀጭ።
«ይሰማሃል?» አለ አብዶሽ። «ሐዲዱ ነቅቶ ጉልበቱን ሲያፍታታ ነው።
ባቡር ኖረም አልኖረም፣ ጠዋት ጠዋት ይሄን ያደርጋል፤ ልማዱ ነው።»

ተመልሼ ስምንቱን ወር ቀደድኩት።
ጭጋጉን ከነጤዛው ሸኘሁት።
ለቼሎ አንዲት ክር፣ በጣት የምትመታ፣ ያቺን ብቻ ጻፍኩ፣
ከአጠገቧ ልኩ ያልተቆረጠ ሰፊ ባዶ ተውኩ።
ዋሽንቷን አላባረርኳትም፤ የዋኔዋን ሦስት ድምፅ ሰጠኋት፣
እንዳታስረዝም ግን፣ እንዳታለቅስበት፣ አስጠነቀቅኋት።

ልምምዱ በጣቢያው አዳራሽ ነበር፣ መንገደኛ በሌለበት፣
የግድግዳው ሰዓት ሰባት ላይ ቆሞ ዓመታት ባለፉበት።
ቼሎ የምትጫወተው ረምላ ቀስቷን አስቀምጣ ጠየቀችኝ፤
«ይሄ ዝምታ ስንት ምት ነው? ቁጥር የለውም» አለችኝ።
«ፀሐይ እስክትደርስ ነው» አልኳት።
ሳቀች። ቆይታ ወደ መስኮቱ አየች፤ እኔም ተውኳት።
አብዶሽ ከኋላ፣ መዳፉን በወለሉ ጣውላ ላይ ዘርግቶ፣
ዳር እስከ ዳር ተከተለን፣ እንደተኛ ሰው ዓይኑን ዘግቶ።
ስንጨርስ አላጨበጨበም። ተነሥቶ ወደ ሁለተኛው ቫዮሊን ሄደ፣
እንጨቱን በጥፍሩ መታ፣ አንዴ፣ ሁለቴ፤ መዳፉን አኑሮ ፈረደ።
«ይሄኛው ያስላል» አለ።
ገልብጠን አየነው፤ ከአንገቱ በታች ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አለ።