ጠርዝ ውስጥ

ሰኞ ጧት፣ ደላንታ፣ ብርዱ ሳይላቀቅ፣
የጠመኔ ቁራጭ ጣቴን ሲፈቀፍቅ፣
«ኤጅ» ብዬ ጻፍኩኝ ከሰሌዳው መሐል፤
ሃምሳ ሁለት ልጆች እጅ አወጡ እኩል።

«እጅ አላልኩም» አልኩኝ፣ «ኤጅ ነው ቃሉ፤
ጠርዝ ነው ትርጉሙ፣ አብራችሁኝ በሉ።»
ያወጡትን መዳፍ አዩት፣ አገላበጡት፣
እንዳልተሸጠ ዕቃ ቀስ ብለው መለሱት።

ከደሴ ያመጣሁት መዝገበ ቃላቴ
(ልባሱ የወለቀ፣ ውርስ ካጎቴ)
ለአንድ ኤጅ አራት ወንድም ይቆጥራል፤
ብሪንክ ይላል፣ ሪም ይላል፣
ማርጂን ይላል፣ ቦርደር ይላል።
እኔም እንዳገኘሁ ቆጠርኩላቸውና
«ሁሉም ያው ጠርዝ ናቸው» ብዬ ልቋጭ ስል፣ ገና፣

ጦይባ ከመስኮቱ ሥር፦
«ያው አይደሉም ቲቸር!
ጠርዝማ የሰሐን ነው፣ የጠረጴዛ፤
ቢቆርጥም ጣት ነው፣ ያውም እንደዋዛ።
ዳር የወንዝ፣ የማሳ፣ የመንገድም ነው፤
ዳር ዳር የሚል እንግዳ በሆዱ ነገር አለው።
እህቴን የዳረ ለት አባባ ምን አለ?
‹ዳር አደረስኳት› አለ።
ጫፍ የመርፌ ነው፤ ጥግ የደሃ፤
አፋፍ ግን...»
ዝም አለች።
በመስኮቱ አየች።
ከመስኮቱ ወዲያ መሬት ያልቃል፤
አሞራው ከእግራችን በታች ያንዣብባል።

«ልክ ነሽ» ማለት ሲገባኝ
«በሉ ዐረፍተ ነገር ሥሩ» አልኩ፤
መምህር ሲጨንቀው እንዲህ ነው የሚል።

ማታ በሶላር መብራት፣ ቀይ እስክሪብቶ ጨብጬ፣
እንደ ወረዳ ዳኛ አልጋ ላይ ተቀምጬ፣
«ብርጭቆው ጠርዝ ላይ ነው።» ልክ።
«ፍየሏ ጠርዝ ላይ ናት።» ልክ።
(ይቺ ፍየል የማን ናት፣ ሃምሳ ልጅ የጻፋት?)
ደረሰ የጦይባ፦
«ወንድሜ ይማም ጠርዝ ውስጥ ይሠራል።»
«ኢን» ብላ ነው የጻፈች። ሰረዝኩት። «ኦን» አልኩ።
ከኅዳጉም ላይ ምክር ጨመርኩ፦
ጠርዝ ላይ ይቆማል እንጂ ጠርዝ ውስጥ አይገባም።

ማክሰኞ ደብተሯን አቅፋ መጣች።
«ይገባል ቲቸር» አለች።
«ወገባቸውን ታስረው በገመድ ይወርዳሉ፣
የገደሉን ደረት ይፈለፍላሉ፣
ሃያ ክንድ፣ ሠላሳ ክንድ፣ በሆዳቸው ተስበው፣
ኦፓል ፍለጋ ነው።
ይማም አሁን እዚያ ነው፤
በላዩም ጠርዝ አለ፣ በሥሩም ጠርዝ አለ።
ላይ ቢሆንማ ኖሮ እናቴ ትተኛ ነበር።»

ቀይ በምን ይፋቃል? ላጲስ አይነካውም።
በቀዩ ላይ ቀይ ደርቤ «ኢን»ን መለስኩላት፤
ከአሥር አሥር ሰጠኋት፤
የማን ውጤት እንደሆነ ግን እስካሁን አላውቅም።

በሳምንቱ ያለፈ ጊዜ አስተማርኩ።
ዐርብ ደብተር ሰበሰብኩ።
የጦይባን ያመጣችው የጎረቤት ልጅ ናት፤
እሷ ቀርታለች።
«ወንድሜ ይማም ጠርዝ ውስጥ ይሠራ ነበር።»
ነበር።
ትምህርቱ ነው? መርዶ ነው?
የእስክሪብቶዬን ክዳን መልሼ ገጠምኩት፣
ሌሊቱን በዚያች ቃል ዙሪያ ዳር ዳር ስል አነጋሁት።

ቅዳሜ ወገል ጤና፣ ከገበያው ግርግር፣
ደላሎች መሐል ቆሞ አገኘሁት፤ ሲከራከር።
በሃይላንድ ውኃ ውስጥ
ሽምብራ የምታህል ድንጋይ ያሳያል፤
ውስጧ እሳት፣ ከዚያ ቄጠማ፣ ደግሞ እሳት ይላል።
«ጉድጓዱ ሐሙስ ተናደ» አለኝ፣ «ባዶውን፤
ምሳ ላይ ነበርን።
እናቴ ታማለች፣ ጦይባ እሷ ጋ ናት።
ሰኞ ሌላ እንጀምራለን፣ ከዚያው ከፍ ብሎ።»
እጁን ዘረጋልኝ ይሄን ብሎ።
አውራ ጣቱ ጥፍር የለውም፣
መዳፉ የተሰበረ ሰሐን ነው፤
ጨበጥኩት። ቆረጠኝ።

ቤቴ ገብቼ መዝገበ ቃላቴን ገለጥኩ፤
ከአራቱ ወንድሞች ሥር
በእርሳስ፣ እንዳይቀላኝ፣ አምስተኛ ጻፍኩ፦
እጅ።