ጉዳዩ፦ አፈርን ይመለከታል

መዝገብ ቤት ነው ሥራዬ፤ ደብዳቤ አመላላሽ፣
በግንፍሌ ድልድይ ሂያጅና ተመላሽ።
ከወንዙ ወዲያ አንድ ወረዳ አለ፣
ከወንዙ ወዲህ አንድ ወረዳ አለ፤
ካርታ ላይ ሲያዩት ነው እንጂ የተከፈለ
ዝናቡ መች ያውቃል ማን የት እንዳለ።

ሰኔ መጨረሻ፣ ከታች ወደ ላይ፦
«አፈራችሁ ወርዶ በቱቧችን ላይ
ተኝቷል፤ የሕፃናት መዋያ በር ዘግቷል፤
ባስቸኳይ ይነሣ፤ ክረምቱ ገብቷል።»
ሐምሌ ሰባት፣ ምላሽ፣ ማኅተሙ ሰማያዊ፦
«ስለ አፈሩ ባለቤትነት
ማስረጃ አልተያያዘም።»

ማስረጃው እኔ ጋ ነበር፣ ከጫማዬ ሥር፤
የላይኛው ቀይ አፈር፣ የታችኛው ጥቁር።
በሁለቱም ቢሮ፣ ከበር እስከ በር፣
ሥልጣን ሳይሰጠኝ ማኅተም ስመታ ነበር።
«ደሞ መጣህ?» ትላለች ዘርፌ ከጽዳት፣
መወልወያዋ ጨርቅ ቀልቶባት፣ ጠቁሮባት።

ሌሊት ሌሊት ደግሞ፣ መብራቱ ሲጠፋ፣
ከካዛንቺስ ጉድጓድ የፎቅ መሠረት አፈር
ሲኖው እያመጣ ወንዝ ዳር ሲደፋ፣
የላይኛው ጥበቃ «የታችኛው ነው» አለ፤
የታችኛው ጥበቃ «የላይኛው ነው» አለ፤
ሲኖው የማንም አልነበረም። ባዶውን ተመለሰ።

ነሐሴ፣ አንድ ሌሊት፣ ግንፍሌ ገነፈለ፤
እንደ ስሙ።
የሱሩርን ቆስጣ ከነመደቡ ወሰደ፤
የላይኛውን የችግኝ ጣቢያ ከነአጥሩ፣
የታችኛውን አዲስ ንጣፍ ከነምረቃው ሪባን፤
የማን እንደሆነ አልጠየቀም።

«የት እንገናኝ?» ሦስት ደብዳቤ ፈጀ።
በመጨረሻ ድልድዩ ላይ፣ መሃል ለመሃል፤
ወንበር የለ፣ ውሎ አበል የለ፣ የፕላስቲክ ውሃ የለ።
ወይዘሮ የሺሀረግ በቦቲ ጫማ፣
አቶ ዱጋሳ ባንድ ወገኑ በተሰበረ ጃንጥላ።
«አፈር ስሆን፣ አቶ ዱጋሳ፣
ሲኖውን በእናንተ በኩል ያዙልን።»
«አፈርስ አይሁኑ» አሉ፣ ወንዙን እያዩ፤
«አፈር ሆኖ እዚህ የቀረ ማን አለ?
ያለን ሁሉ ይኼኔ አቃቂ ደርሷል።»
ሳቁ። ሁለቱም። እኔም፣ ሳይፈቀድልኝ።

ጠረጴዛ ስላልነበር ጎንበስ ብዬ ጀርባዬን ሰጠሁ፤
ቃለ ጉባኤው እዚያ ላይ ተጻፈ፤
እስክሪብቶው በሸሚዜ ሲያልፍ ይሰማኛል፦
ድንጋዩ ከናንተ፣ ሽቦው ከኛ፤
ዳገቱ በእርከን፣ ዳሩ በቀርከሃ፤
የሌሊት ጥበቃ በፈረቃ፣ ባንድ መዝገብ፤
ዛፉ ሥር ንጣፍ አይገባም፣ ይተንፍስ፤
የሱሩር መደብ ይመለስለት።
ፊርማው ላይ ሲደርሱ ጫን አሉ፣
አጥንቴ ድረስ።
ፋይሉ ላይ «ላኪ» የሚለው ቦታ
ምን ልበል? «ግንፍሌ» ብዬ ጻፍኩበት።

መስከረም ላይ ድልድዩን ተሻግሬ ገባሁ፤
ዘርፌ ጫማዬን አየች፣ ወለሉን አየች፣
ምንም አላለችም። ጨርቋን ጨመቀች፤
ጠራ ያለ ውሃ ወረደ።
በእጄ ደብዳቤ አለ፣ ከላይ ወደ ታች።
ጉዳዩ፦ ድንጋይን ይመለከታል፤
ሁለት መኪና ጎድሏል።