የሳህኑ ጀርባ

አባታችን ሞቶ፣ ኑዛዜው ሲነበብ፣ በማለዳ፣
ምድጃው ለሶሜ፣ መዶሻው ለሶሜ፣
ከሳህን ግርጌ የሚሰፍረው ፊደል ለሶሜ፤
እኔ በኩሯ ፔሮን፣ መቃኑን ተደግፌ ቆሜ
ጸሐፊው ወረቀቱን እስኪያጥፍ ድረስ ጠበቅኩ፣
ምናልባት ከፊርማው በታች ይኖር እንደሁ ስሜ።

ይሁን። ሊሞዥ ዝናብ ነው፤ የቪየን ወንዝ ደፍርሷል።
ከሊዮን የመጣ ነጋዴ የታተመ ሥዕል ዘርግቶ
«ይህን በስድስት ሳህን፣ ለዳኛው ሠርግ» ብሏል።
ኤሳው ነው፤ ከአደን የገባ፣ ጉልበቱ የዛለ፣
ያዕቆብ ጭልፋውን ይዞ ድስቱን በትከሻው የከለለ፣
ከመጋረጃው ጀርባ ርብቃ፤
የሚያይ አለ፣ የሚናገር የለ።

መዳቡን ሶሜ ቀጠቀጠ። ክንድ አለው፣ አልዋሽም፤
እሳትን ግን አያውቃትም፤ እሷም እሱን አትሰማም።
ጥቁሩን እኔ ለበጥኩ፣ በድንጋይ ሙቀጫ የላመ፣
በሰባት ውሃ የታጠበ፣ እንደ ጉድጓድ ሆድ የጨለመ።
ነጩን በላዩ አለበስኩ፣ እንደ ወተት ስልባቦት ስስ፣
ከዚያ በመርፌ ጫፍ ፋቅኩ፣ የኤሳው ጎድን ጋ እስክደርስ።
ሰው ጥላውን የሳልኩ ይመስለዋል፤ ጥላው ከሥር ነበረ፤
ብርሃኑን ነው የቀነስኩት፤ የራበው ሰው ብቻ ቀረ።

ወደ እሳት ሲገባ ሦስት ጊዜ አባታችን ሆይ እላለሁ፤
አራተኛውን ከጀመርኩ የያዕቆብ አፍንጫ ይፈሳል።
አንዴ «አሜን» ላይ አስነጠሰኝና
የርብቃ ዓይን አገጯ ላይ ወረደ።

ጀርባውንም ቀባሁ። ማንም የማያየውን ጀርባ።
እሱ ባዶ ከሆነ፣ ፊቱ ሲቀዘቅዝ ይሸሻል፣
መዳቡ ይጎብጣል፣ ሥዕሉ እንደ ደረቀ ጭቃ ይሰነጠቃል።
ይህን ያስተማረኝ እሱ ነው፣ ገና በስምንት ዓመቴ፤
«ፊትን ፊት አድርጎ ያቆመው ጀርባ ነው» ብሎ፣ አባቴ።
ኑዛዜውን ሲያስጽፍ ረሳው።

ምስሩ ቀረ።
ሠላሳ አንድ ፍሬ፣ ከያንዳንዱ ሥር የብር ስስ ቅጠል፣
በላዩ ቀይ መስታወት፣ ሻማ ሲጠጋው እንደ ፍም የሚንቀለቀል።
ጾም ነበር፤ ጨው አልባ የጫካ ለውዝ ቅቅል በልተን
ምስር ስስል ምራቄን ዋጥኩ።
ኤሳው ይሻለኛል እኮ፤ እሱ ተጠይቆ ሸጠ፣
ሸጦም በላ፣ ድስቱን በዳቦ ጠርጎ አፉን አበሰ።
የእኔን ብኩርና
ዋጋውን የጠየቀኝ ማን ነው?

ስድስተኛውን ሶሜ ብቻውን አስገባው፣ በሌሊት፣ በኩራት።
ንጋት ላይ ደጄ ቆመ፤ መዳፉ ተልጧል፣
የያዕቆብ ፊት እንደ ገነፈለ ወተት አረፋ አውጥቷል።
«እህቴ» አለ። ከዚያ ወዲያ ቃል አላገኘም።
ያን ለት ጭልፋው በእኔ እጅ ነበር። ድስቱም።
«መጀመሪያ ማልልኝ» ማለት እችል ነበር።
አላልኩም።
ዘይት አምጥቼ መዳፉን ቀባሁት፤ ከዚያ ምድጃውን ጫርኩ።

አዲሱ ሳህን ሲበርድ፣ ፊቱ ላይ የእሱ ፊደል፣ በወርቅ፤
ጀርባው ላይ፣ ከሐረጉ መሀል፣
ሠላሳ ሁለተኛዋን ምስር አስቀምጬ ነበር። ብቻዋን።
ዳኛው መደርደሪያ ላይ ያቆመዋል፣ ፊቱን ወደ እንግዶቹ፣
እሷን ወደ ግድግዳው። ማንም አይበላበትም።
ምስሩም በሰለ፣ ሳህኑም በሰለ፣ እኔም በሰልኩ፤
ለማዕድ የሚጠራን የለም።

ሶሜ በገለባ ሲጠቀልል ገልብጦ አየው።
«ይቺ ቀይ ነገር ምንድን ናት?»
«ጉድፍ ናት» አልኩት፤ «እሳት የጣላት።»
በአውራ ጣቱ አሻሻት፤ አልለቀቀችም።
አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፣
ከዚያ ገለባ ጨመረ፣
በጀርባው በኩል፣
ደህና አድርጎ።